የሚያንዣብብ ሰው

ነዝሚያ እጇ በሩዝና በተፈጨ ሥጋ ተለውሶ የዝኩኒ ሆድ እየሞላች ሳለ ስልኩ ጮኸ። በክርኗ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አየችው። ግቢው በር ላይ እንቅስቃሴ አለ ይላል። ድመት ናት። አንዱን ዝኩኒ ሞልታ ሁለተኛውን ሳታነሳ እንደገና ጮኸ፤ አሁን ደግሞ ሰገነቱ ላይ ያሰጣችው አንሶላ ነፋስ ገብቶበት ነው። ቀጥሎ የመጣው ጩኸት ግን የካሜራው አልነበረም። ልጇ ሐይሰም ከሻርጃ እየደወለ ነው።

እጇን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጋ አነሳችው።

«እማ፣ ሰገነት ላይ ማን ነው?»

«አንሶላ ነው የኔ ልጅ።»

«አንሶላ?»

«አጥቤ አስጥቼው። ያ ሰማያዊው፣ ሚስትህ ያመጣችልኝ። ነፋሱ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ ብሎታል። ደግሞ ልነግርህ፣ ትናንት ያልኩህ የቧንቧ ሠራተኛ…»

«እማ፣ ስብሰባ ትቼ ወጥቼ ነው የደወልኩት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም አለቃዬ ሰማ። ‹ቤትህ ተቃጠለ እንዴ?› አለኝ። ምን ልበለው? አንሶላ ነው ልበለው?»

ነዝሚያ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«ምሳ ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ። ይህን ነገር ዛሬ እናስተካክለዋለን። መነጽርሽን አዘጋጂ።»

ካሜራዎቹ የተሰቀሉት ብርዱ ሊወጣ ሲል ነበር። ከአማን ብዙም በማትርቀው በሰልት ከተማ የነዝሚያ ሰፈር መንገዱ ራሱ ደረጃ ነው፤ መኪና ታች ዋናው ጎዳና ላይ ይቀራል፣ ሰው ሽቅብ በእግሩ ይወጣል። ሌባም እንደ ሰው በእግሩ ወጥቶ፣ አንድ ሌሊት ከሦስት ቤት የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ወረደ። ሐይሰም ይህን ሲሰማ አላስቻለውም፤ ከዚያው ሆኖ ባለሙያ አስላከ። አንዱ ካሜራ ግቢው በር ላይ፣ አንዱ ከግቢ ወደ ቤት በሚያወጣው የውስጥ ደረጃ ላይ፣ አንዱ ሰገነት ላይ ተሰቀለ። መተግበሪያው በእናትየውም በልጁም ስልክ ተጫነ። ባለሙያው መሰላሉን አጥፎ ሲወጣ፣ «ሁሉንም ክፍት አድርጌልዎታለሁ፤ ሲለምዱት የማይፈልጉትን ይዘጋሉ» ብሏት ነበር።

አልዘጋችም። ለምን እንዳልዘጋች ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን አፍ አውጥታ አላለችውም። ከካሜራው በፊት ሐይሰም የሚደውለው ዓርብ ዓርብ ነበር። ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ልጆቹ ከጎኑ እየተንጫጩ፣ «ደህና ነሽ? መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?» ብሎ ለመዝጋት ይቸኩላል። ከካሜራው በኋላ ግን በየቀኑ ሆነ፤ አንዳንዴም በቀን ሁለቴ። «ያ በሩን ያንኳኳው ማን ነው?» ይላል። «ዳቦ አዟሪው ነው።» «ያቺስ ሴትዮ?» «የኡም ረድዋን ምራት ናት፤ እርሾ ልትበደር መጥታ።» እርሾ ብላ አታቆምም። ምራቲቱ እርጉዝ መሆኗን፣ ሽታ እንዳስጠላት፣ አማቷ ግን ወጥ ቤት ከመግባት እንዳላሳረፈቻት ትነግረዋለች። ሌባ መጣ ብሎ የደወለ ሰው ሳይወድ በግድ ያዳምጣታል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ምራቲቱ ወንድ ወይስ ሴት እንደምትወልድ ጠይቋታል። ያን ቀን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

ምሳ ሰዓት ላይ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከውሃ ብርጭቆ ጋር አስደግፋ ጠበቀችው። ድስቱ ምድጃ ላይ በዝግታ ይንተከተካል። ለአንድ ሰው ዝኩኒ መሙላት አታውቅበትም፤ ሁልጊዜ ይተርፋታል።

«የመጀመሪያው ገጽ ምን ይላል?» አላት ሐይሰም።

«‹ምን ሲታይ እናሳውቅዎ?› ይላል።»

«ከሥሩስ?»

«‹ማንኛውም እንቅስቃሴ። ሰው። እንስሳ። ተሽከርካሪ።›»

«ሰው የሚለውን ብቻ ተይው። ሌላውን አጥፊው። ደረጃ ላይ መኪና አይወጣም።»

«የአቡ ዓዲ አህያስ?»

«አህያ እንስሳ ነው እማ።»

«በል እሱንም አጠፋሁት። ይቅር ይበለኝ።»

አሁን ሳቀ፤ ትንሽ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። «‹የማሳወቂያ ክልል› የሚል አለ፤ ንኪው። ቀይ መስመር ታያለሽ። በጣትሽ ጎትተሽ እስከ በሩ ድረስ አስጠጊው። ከመስመሩ ወዲያ የሚያልፍ ሰው አይመለከተንም።»

ነዝሚያ ቀዩን መስመር ጎተተች። መጀመሪያ ከኡም ረድዋን በር ፊት ለፊት ነበር። ወደ ላይ ስትስበው የጎረቤቲቱ በር፣ የአበባ ማሰሮዎቹ፣ የልጆቹ ብስክሌት ሁሉ ከመስመሩ ውጭ ቀሩ።

«እንግዲህ ኡም ረድዋን ስትወጣ ስትገባ አይነግረኝም ማለት ነው?»

«ኡም ረድዋንን ለምን ይነግርሻል?»

ነዝሚያ ጣቷን ከመስመሩ ላይ አነሳች።

«አሁን ዋናው ነገር» አለ ሐይሰም። «‹የሚያንዣብብ ሰው› የሚለውን ፈልጊ። ሰው በሩ ላይ መጥቶ ሳያንኳኳ ከቆመ መብራት ይበራበታል፤ ከዚያ ድምፅ ያናግረዋል። አብሪው።»

«ማን ያንዣብባል እኛ በር ላይ?»

«ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር፤ እንዳትደነግጪ። አንድ ሰውዬ አለ። ሁለቴ አይቼዋለሁ። መጥቶ ይቆማል፣ አያንኳኳም፣ ቆሞ ቆሞ ይመለሳል። ቀይ ሻሹን ፊቱ ላይ ስለሚጠመጥም መልኩ አይለይም። ቤቱን እያጠና ነው።»

«እኔ አላየሁም።»

«በአንሶላና በድመት መሃል እንዴት ታዪዋለሽ? ለዚህ እኮ ነው የምለው። አበራሽው?»

«አበራሁት።»

«ድምፁንም?»

«ድምፁንም።»

«ጎበዝ። በቃ፣ አሁን ሁለታችንም አረፍን።»

ስልኩ ተዘጋ። ነዝሚያ ዝኩኒዋን በሳህን አውጥታ በላች፤ እርጎውን ጨረሰች፤ ሳህኑን አጠበች። ስልኩ ዝም። ሰገነት ወጥታ አንሶላውን ሰበሰበች። ዝም። ድመቷ መጥታ በሩን ስትታከክ በመስኮት አየቻት፤ ስልኩ ግን ድመት የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ ሁሉ ጸጥ እንዳለ ቀረ። ለዓሥር ሶላት ውዱእ አድርጋ፣ ሰግዳ፣ ተመልሳ ስትቀመጥ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ጉምጉምታ ብቻ ነበር።

ሰው ሲጨንቀው እጁ አያርፍም። ስልኩን አንስታ የቆዩትን ቅጂዎች መመልከት ጀመረች። ድመት፣ ዳቦ አዟሪ፣ ድመት፣ ራሷ፣ አንሶላ፣ ራሷ ቆሻሻ ስታወጣ፣ ድመት። ካሜራው ከላይ ስለሚያያት አጥራና ወፍራ ታየች፤ እንዲህ እንደምታነክስም አታውቅም ነበር። እያለፈች እያለፈች ሄዳ ሰውየውን አገኘችው።

ፊቱ አይታይም። መታየትም አላስፈለገውም። የግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ብሏል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ድንጋይ ሲሸከምበት የኖረ ትከሻ ነው። አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በሩን ሳይሆን መሬቱን እያየ ቆሟል። ቆሞ ቆሞ፣ ሊሄድ ሲል የበሩን የድንጋይ መቃን በመዳፉ ዳሰስ አደረገው፤ ሰው የበሬውን ጀርባ እንደሚዳስስ። ከዚያ ዞሮ ወረደ።

ወንድሟ ሙፍሊህ ነው።

ለሦስት ዓመት አይታው አታውቅም። ባሏ ሸሐዴ ልቡን ታሞ የአማን ሐኪሞች ይቀደድ ሲሉ፣ ሙፍሊህ «በዚህ ዕድሜ ቢላ አይነካውም፤ ተዉት፣ በመድኃኒቱ ይኑር» ብሎ ተሟግቶ ነበር። ነዝሚያ ደግሞ ሐኪም እያለ ድንጋይ ፈላጭ አልሰማም አለች። ሸሐዴ ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ አልተነሳም። በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ሙፍሊህ በወንዶቹ አዳራሽ ተቀምጦ፣ «ሰምተውኝ ቢሆን ዛሬ እዚህ ባልተቀመጥን» አለ። ቃሉ ከወንዶቹ ወደ ሴቶቹ ለመድረስ አንድ ሻይ እስኪጠጣ እንኳ አልፈጀበትም። ነዝሚያ ተነስታ፣ በባዶ እግሯ ግቢው መሃል ወጥታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አስጠራችው። «ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችው። ሙፍሊህ ሻሹን አስተካክሎ ወጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሰውየውም ቃሏን ያዘ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጠም። አሁን ግን፣ ካሜራው እንደሚያሳየው፣ ከደጇ አንድ ስንዝር ወዲያ መጥቶ ይቆማል።

ለሐይሰም አልደወለችለትም። ማንነቱን ብትነግረው ምን እንደሚል ታውቃለች።

እሮብም ሐሙስም ሙፍሊህ አልመጣም። ስልኩ የጮኸው ዳቦ አዟሪው ሲያንኳኳና የውሃ ቆጣሪ የሚያነብበው ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ሐይሰም አልደወለም፤ የሚደወልበት ነገር አልነበረም። ሐሙስ ዕለት እሷ ራሷ ደወለችለትና ሚስቱ ሊና አንስታ፣ «መኪና እየነዳ ነው፣ እማማ፤ እነግረዋለሁ» አለቻት።

ቅዳሜ ከዓሥር ሶላት በኋላ ነዝሚያ ምስር እየለቀመች ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ የዛሬው ጩኸት ግን ከሌላው ጊዜ የተለየ፣ ረዘም ያለና የሚነዘንዝ ነው። «የሚያንዣብብ ሰው» ይላል። ምስሩን ከጭኗ ላይ አውርዳ ስልኩን ሳትነካ ወደ መስኮቱ ሮጠች፤ እንደ መሮጥ ካስቆጠረላት።

ሙፍሊህ በሩ ላይ ቆሟል። በእጁ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሏል። ነዝሚያ መስኮቱን ለመክፈት ስትታገል ከበሩ በላይ ያለው መብራት ፏ አለ፤ በቀን ብርሃንም ቢሆን ዓይን የሚወጋ ነጭ መብራት ነው። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ሰው የማይመስል፣ የተስተካከለ የሴት ድምፅ፦ «እየተቀረጹ ነው። እባክዎ አካባቢውን ይልቀቁ። እየተቀረጹ ነው። እባክዎ…»

ሙፍሊህ ክንዱን ዓይኑ ላይ ጋረደ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ እግሩ ደረጃውን ሳተውና በመዳፉ ተደግፎ ቁጭ አለ። ፌስታሉ ከእጁ አመለጠ።

መስኮቱ ተከፈተ። «ሙፍሊህ» አለች። አልሰማም። «ሙፍሊህ፣ ቆይ! እኔ ነኝ!» ያላትን ድምፅ ሁሉ አውጥታ ጮኸች። ከታችኛው ቤት አንድ ሰው በመስኮት ብቅ አለ፤ ሁለት ልጆች ጨዋታቸውን አቁመው ሽቅብ አዩ። ሙፍሊህ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ግድግዳውን ይዞ ተነሳ፣ ፌስታሉን አነሳ፣ አቧራውን አራገፈና ቁልቁል መውረድ ጀመረ።

ነዝሚያ የውስጡን ደረጃ አንድ በአንድ፣ ግራ እግሯን እያስቀደመች፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ወረደች። ግቢውን አቋርጣ በሩን ስትከፍት መብራቱ በእሷ ላይ በራ። መንገዱ ባዶ ነው። ታች መታጠፊያው ጋ ማንም የለም። ደረጃው ላይ ሦስት አራት የወይን ቅጠሎች ወድቀዋል፤ ገና ለጋ፣ የፀደይ መጀመሪያ ቅጠል። ድሮ በየዓመቱ ከአባታቸው ማሳ ለቅሞ እያመጣ ይሰጣት ነበር፤ እሷ ሩዝ ጠቅልላባቸው ቀቅላ ግማሹን በድስት ትመልስለት ነበር። ጎንበስ ብላ ለቀመቻቸው። ሌላ ምን ይደረጋል?

ተመልሳ ወጥታ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ኡም ረድዋን ሳታንኳኳ ገባች። ፊት ለፊት ያለው ቤት የእሷ ነው፤ ከእሷ የሚሰወር ነገር ሰፈሩ ውስጥ የለም።

«አላህ ያሳይሽ የሐይሰም እናት፣ እኔ እኮ ሰው ወደቀብሽ ብዬ ነው የሮጥኩት።»

«ወደቀብኝ። አየሽው አይደል? ጠራሁት፤ ዞር ብሎ አላየኝም። በስሙ ጠራሁት።» ነዝሚያ ቅጠሎቹን እጇ ላይ እንደያዘች ተቀመጠች። «ይሁን። ይገባኛል። እኔ ያልኩትን ነው የመለሰልኝ።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ? ሰፈሩ በሙሉ ሰማሽ፤ ያልሰማሽ እሱ ብቻ ነው። ደንቆሮ እኮ ነው።»

«ማን?»

«ወንድምሽ ነዋ። የድንጋይ ካባው ጩኸት ጆሮውን ከበላው ቆየ። ባለፈው ዓመት ጭራሽ ተዘጋ። የልጁ ሚስት መጻሕፍት ቤት ታች ስታገኘኝ ነገረችኝ፤ ስልክ እንኳ አያነሳም፣ ምን ያደርግለታል። አታውቂም ነበር?»

ነዝሚያ አንገቷን ነቀነቀች።

«እኛ ታውቂያለሽ ብለን ነው ዝም ያልነው። በወር አንድ ሁለቴ ይመጣል። ሲያሻው ማክሰኞ፣ ሲያሻው ቅዳሜ፤ እግሩ በፈቀደለት ቀን። ግማሽ መንገድ ላይ ያ የተዘጋው ፀጉር ቤት ደጃፍ ቁጭ ብሎ ያርፋል፣ ከዚያ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። በመስኮት ቆመሽ እያየሽ የማትከፍቺለት ይመስለን ነበር። አቡ ረድዋን፣ ‹የዚህች ሴት አንጀት ከድንጋይ ነው› ይላል። እኔ ደግሞ እቀናብሽ ነበር፤ እኔ እኮ በሰው ላይ አንድ ሳምንት መቀየም አልችልም፣ ይረሳኛል።»

«አንድ ቀን እንኳ አትነግሪኝም?»

«ስንት ጊዜ ስሙን ሳነሳ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ሦስተኛ ጊዜ ላነሳልሽ እኔም ፊት አለኝ።» ኡም ረድዋን ቅጠሎቹን ከእጇ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። «ግድ የለም፤ በሚቀጥለው ሲመጣ እኔ እነግረዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ግባ ትልሃለች ብዬ።»

«ለደንቆሮ መንገድ ላይ ቆመሽ ልትጮኺለት? ሰልት በሙሉ ይሰማል።» ነዝሚያ አንዱን ቅጠል በጣቷ ዘርግታ፣ «አይሆንም። ግቢው መሃል ቆሜ እኔ ነኝ ያልኩት፤ እኔው ነኝ ላነሳው የሚገባኝ። በሰው አፍ አልልክበትም» አለች።

«እንግዲያው ድረሺበት። ግን በዚህ ጉልበትሽ እንዴት ብለሽ? አንቺ በሩ ላይ ስትደርሺ እሱ ቤቱ ደርሶ ራቱን በልቷል።»

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሐይሰም ደወለ። ደስ እንዳለው ከድምፁ ያስታውቃል።

«እማ፣ ቅጂውን አየሁት። ሲሸሽ አየሽው? መብራቱ ብቻ በቃው። አላልኩሽም?»

«ሐይሰም።»

«እ?»

«ያ ሰው አጎትህ ነው።»

ከወዲያ የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ መንገድ ላይ ነው። ዳር ሳይዝ አልቀረም፤ ድምፁ ቀነሰ።

«ሙፍሊህ?» አለ። አጎቴ አላለም።

«ሙፍሊህ።»

«ምን ፈልጎ?»

«አልጠየቅሁትም። መብራት አበራንበት።»

«እና ምን ይሁን? እማ፣ የአባቴ አፈር ሳይደርቅ ምን እንዳለ ረሳሽው? ገደላችሁት ነው እኮ ያለን፤ ሰው ፊት።»

«እንደሱ አላለም። ‹ሰምተውኝ ቢሆን› ነው ያለው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ይህን ስታስበው ሦስት ዓመት ኖራለች፤ መልሱ ግን አሁን ገና ነው አፏ ላይ የመጣው። «አባትህን ይወደው ነበር። ልዩነቱ እሱ ነው» አለች።

ነዝሚያ ቀጠለች፤ ካልቀጠለች እንደማትናገረው አውቃዋለች። «መብራቱን ላጠፋው ነው። ድምፁንም። መስመሩን ደግሞ ወደ ታች አወርደዋለሁ፤ እስከ መታጠፊያው።»

«እስከ መታጠፊያው? ደረጃውን የሚወጣ የሚወርደው ሁሉ ሊጮኽብን? የትምህርት ቤት ልጅ፣ የመስጊድ ሰው…»

«አውቃለሁ።»

«ለምንድን ነው?»

«በሩ ላይ ሲቆም ከነገረኝ አልደርስበትም። ብጠራውም አይሰማም፤ ጆሮው ጠፍቷል። ታች ሲነሳ ማወቅ አለብኝ። እሱ ሽቅብ እስኪወጣ እኔ ቁልቁል እወርዳለሁ።»

«እማ…» አለና አንድ የረዘመ ትንፋሽ አወጣ። «ቀልድ አይደለም፤ እኔ እንደዚህ ሆኜ መሥራት አልችልም። በዚያን ቀን በአንሶላው ምክንያት ምን እንደተባልኩ አልነገርኩሽም። እንደዚያ የምታደርጊው ከሆነ እኔን አውጪኝ። ማሳወቂያ የሚደርሳቸው ከሚለው ላይ ስሜን አጥፊው።»

«አጠፋዋለሁ።»

«ዓርብ ዓርብ እደውልልሻለሁ።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

«ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምኩህም። በልተሃል?»

«እየሄድኩ ነው። እበላለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ነዝሚያ ጠረጴዛዋን ጠራርጋ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ብቻዋን ተቀመጠች። እንዴት እንደሚከፈት ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ ካሳየሃት ትይዛለች። «የሚያንዣብብ ሰው» ከሚለው ሥር መብራቱን አጠፋች። ድምፁንም አጠፋች። ከዚያ ቀዩን መስመር በጣቷ ይዛ ቁልቁል ጎተተችው። የኡም ረድዋን በርና የአበባ ማሰሮዎቹ ገቡ። ሁለተኛው መብራት ያለበት ምሰሶ ገባ። የተዘጋው ፀጉር ቤት ደጃፍ፣ ደረጃው ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ፣ በመጨረሻም ሥዕሉ ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ሆና የምትታየው የዋናው ጎዳና መታጠፊያ ገባች። ጣቷን አነሳች።

ስልኩ ጠየቃት፦ «የመረጡት ክልል ሰፊ ነው። ብዙ ማሳወቂያ ሊደርስዎ ይችላል። ይቀጥሉ?»

እቀጥላለሁ አለች።

ወዲያው ጮኸ። ቦርሳው ከቁመቱ የሚበልጥ ልጅ ደረጃውን እየዘለለ ይወርዳል። ገና እሱን ሳታሳልፍ ሁለተኛው ጮኸ፤ የልጁ እህት ናት። ሻርጃም ጠዋት ነው፤ ሐይሰም አሁን ቢሮው ገብቶ ኮቱን ወንበር ላይ እየሰቀለ ይሆናል። ነዝሚያ ተጣድፋ ሌላውን ገጽ ከፈተች። ስሙ ከእሷ ስም በታች ተጽፏል፤ ከጎኑ ቢጫ፣ የነቃች ትንሽ ደወል አለች። ስሙን ነካችው። «ሐይሰምን ከማሳወቂያ ተቀባዮች ላስወግድ?»

ጣቷ ከመስታወቱ በላይ ቆየ። ሦስተኛው ልጅ በመስመሩ ውስጥ አለፈና ስልኩ በእጇ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«አዎ» የሚለውን ነካች። ስሙ ጠፋ፤ የእሷ ብቻ ቀረ።

ጠዋቱን ሙሉ ስልኩ አላረፈም። ጋዝ አዟሪው፣ የመስጊዱ ጠራጊ፣ አንዲት የማታውቃት ሴት ከሕፃን ጋር፣ አቡ ረድዋን ዳቦ ታቅፎ። እያንዳንዱን አነሳች፣ ትከሻውን አየች፣ አስቀመጠች። ቀትር ላይ ኡም ረድዋን ከታች ሆና፣ «ያ ነገር እኮ ሰው ባለፈ ቁጥር ይጮሃል፤ ድምፁን ቀንሽው፣ ራስሽን ያምሻል» ብላ ጮኸችላት።

አልቀነሰችውም። የውጭ ጫማዋን አውጥታ አደረገች፤ ማሰሪያውን አጥብቃ አሰረች። ከዚያ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር በሁለት እጇ እየጎተተች ወስዳ፣ ቁልቁል ወደ ግቢው በሚያወርደው የውስጥ ደረጃ አፍ ላይ አስቀመጠችው።